የእቴቴ ኩላሊት

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣ እናታችን ካረፈች ጀምሮ በእጄ ላሳደግኩህ ለማሙሽ፦

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? እኔና ልጄ ደህና ነን። ስፌት ቤቱም ደህና ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተከፈተ የደንብ ልብስ ስንሰፋ ወገባችን ተቆርጧል። ባሌም ደህና ነው፤ አያናግረኝም እንጂ ይበላል። እኔን በቀረችኝ በአንዷ ኩላሊት ያቆመ ፈጣሪ አንተን በሰጠሁህ ያቁምህ።

አርባ ዓመት ሞልቶህም ማሙሽ እልሃለሁ፤ ቅር ካለህ ቻለው። ደግሞ ስልክ አንሺ እያልክ አትጨቅጭቀኝ። በስልክ ሰው እንደ ልቡ ይዋሻል፤ ወረቀት ላይ ግን እጅ ያሳብቃል።

ያ ጓደኛህ ፀጉር አስተካካዩ ለእረፍት ወደ ሀገር ቤት መጥቶ የላክህልኝን ሹራብ አደረሰልኝ። ሻይ አቅርቤለት ስናወራ፣ "ማሙሽማ ምን ጎደለው፣ ከሥራ ሲወጣ ከውሻው ጋር ነው" አለኝ። "የምን ውሻ?" ስለው ሻዩ ትን አለው። ከዚያ በኋላ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው ያወራኝ። ስለ ዝናብ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

እስቲ አንተው ንገረኝ። ውሻ ይዘሃል? ሰው ጠፍቶ ነው?

ሁለተኛ፣ የጨርቅ መቀሴ ዶልዱሞ ጨርቁን ማኘክ ጀምሯል። እናንተ ጋ ደህና መቀስ ካለ ላክልኝ።

እህትህ


ኅዳር 2

ለውድ እህቴ ለእቴቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ ባንቺ ኩላሊት ደህና ነኝ። ሐኪሜ ባለፈው የደም ምርመራዬን አይቶ፣ "እህትህ የሰጠችህ ካንተ ይልቅ ታታሪ ናት" ብሎኝ ተሳስቀናል። መድኃኒቴን ጠዋትና ማታ ሳላዛንፍ እወስዳለሁ። መቀሱን ገዝቼ በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ እኛ ሥራ ቤት ሱፍ የምንቆርጥበት ዓይነት ነው፣ ወረቀት እንዳትቆርጪበት።

ውሻዋ እውነት ናት። ዳማ እላታለሁ፤ መልኳ ወደ ቀይ የሚያደላ ዳማ ስለሆነ ነው። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ሲሞቱ ልጆቻቸው መጥተው ሶፋውን፣ መጋረጃውን፣ አምፖሉን ሳይቀር ነቅለው ሄዱ፤ ውሻዋን ግን ትተዋት ሄዱ። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የተቆለፈውን በር ታያለች። በማግሥቱም እዚያው ናት። እቴቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ታልፊያት ነበር? አልፋት ነበር እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔ አላለፍኳትም።

አትስጊ። የምትከታተለኝን ነርስ ጠይቄያለሁ። እንስሳ መያዝ ክልክል አይደለም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል አለችኝ። ፊቴን እንዳትልሰኝ፣ ቁስል ካለኝ እንዳታስነካው፣ ከነከሰችኝ ወይ ከቧጨረችኝ ወዲያው ታጥቤ ሆስፒታል እንድመጣ፣ ኩሷን ሌላ ሰው እንዲያነሳልኝ፣ አልጋ ላይ እንዳላወጣት። ሁሉንም አደርጋለሁ። ክትባቷንም አስከትቤያለሁ። የምትተኛው እግሬ ሥር ነው። እግሬ ሥር ስልሽ መሬት ላይ ማለቴ ነው።

እቴቴ፣ ከሥራ ስገባ ብድግ ብሎ የሚቀበለኝ አልነበረም። አሁን አለ። ሰው ነው አልልሽም።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ለማሙሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። መቀሱ ደርሷል፤ ሐር እንኳን ሲቆርጥ ድምፅ የለውም። እጅህ ይባረክ።

"እግሬ ሥር ስልሽ መሬት ላይ ማለቴ ነው" ብለሃል። ማን ጠየቀህ? አልጋ ላይ ነች ብዬሃለሁ?

ደብዳቤህን ይዤ እኔን ወደ ቀደደኝ ሐኪም ሄድኩ። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የምትወስደው መድኃኒት ሰውነትህ ኩላሊቴን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይገፋት የሰውነትህን ዘበኞች ያስተኛል አለኝ። ዘበኞቹ ከተኙ ደግሞ ለጤነኛ ሰው ምንም የማይሆን ነገር ላንተ መዓት ነው። "በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚኖር ተውሳክ አለ። ውሻውን አያሳምመውም። እንዲህ ያለ ሰው ደም ውስጥ ከገባ ግን በቀናት ውስጥ ይጥለዋል" አለኝ። ታዲያ ለምን አይከለክሉትም ስለው፣ "ሰው ብቻውንም ሲሆን ይታመማል እኮ" አለኝ። እሱም ውሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ማሙሽ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ሆስፒታል የገባሁ ለት ባሌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ያለሽን ለወንድምሽ ከሰጠሽ፣ እኔ የታመምኩ ለት ምን ልትሰጪኝ ነው?" አለኝ። ከዚያን ለት ጀምሮ ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ ይበላል፣ ይወጣል። እኔም የጨርቅ ጣቃ ከመደርደሪያ ማውረድ ትቻለሁ፤ ጎኔን ይይዘኛል። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። አንተ አልጋ ላይ ያወጣሃት ውሻ ምኑን እየላሰች እንደሆነ እንድታውቀው ነው።

ለሰው ስጣት። ካልሆነ ሽጣት፣ ያም ካልሆነ ሜዳ ላይ ልቀቃት። ያቺ ኩላሊት የአንተ መስላህ ከሆነ ተሳስተሃል። አደራ ናት።

እህትህ


ጥር 6

ለውድ እህቴ፦

እንደምን አለሽ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ እዚህ የብርድ ጊዜ ስለሆነ የካፖርት ሥራ በዝቶብን ነው። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

የምሥራች። ዳማን ለሰው ሰጠኋት። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሰፊ ግቢ አላቸው፣ ትልቅ ዛፍም አላቸው፣ ልጆችም አሏቸው። እየሮጠች ነው የምትውለው። ስለዚህ ሐሳብ አይግባሽ። ለሐኪሜም ነግሬዋለሁ፤ ከመዝገቤ ላይ ሰርዞታል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሥራ ቤት ውስጥ ቆራጭነቱን ሙሉ በሙሉ ለእኔ ሰጥተውኛል። ሌሎቹ ይሰፋሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። አለቃዬ "የዚህ ሰውዬ እጅ ሜትር አይፈልግም" ይላል።

ወንድምሽ


ጥር 30

ለማሙሽ፣ ለዓይኔ ብርሃን፦

እንኳን ሰው ሆንክ። ደብዳቤህን ሳነብ ከላዬ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ነው የቀለለኝ። ቃሌ ሻካራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናት የሌለውን ልጅ ያሳደገ ሰው ምላሱ ይሻክራል።

አሁን ደግሞ የእኔን የምሥራች ስማ። ልጄ ልታገባ ነው። ልጁ የመብራት ሠራተኛ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እናቱን ያከብራል። ሠርጉ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ቬሎዋን እኔ መስፋት እችል ነበር፤ እሷ ግን፣ "አጎቴ ካልቆረጠው አልለብስም" ብላ ድርቅ አለች። ልኬቷን በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ወገቧን አታጥብቀው፤ እበላለሁ ብላለች።

ልብሱን አስቀድመህ በፖስታ ላክ፤ አንተ ደግሞ ለሠርጉ ና። ቀኝ እጇን ይዘህ የምታስገባት አንተ ነህ። አባቷ ፈቅዷል፤ ፈቅዷል ስልህ፣ ስነግረው ዝም ብሏል።

እህትህ


መጋቢት 18

ለውድ እህቴ ለእቴቴ፦

ሰላም ለቤትሽ ሁሉ ይሁን። ቬሎው አልቋል፤ በዚህ ሳምንት በፖስታ ይነሳል።

የግል ሥራ ሥራ ቤት ውስጥ ስለማይፈቀድ በክፍሌ ነው የሠራሁት። አልጋዬን ግድግዳ አስጠግቼ፣ ወለሉን ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ አንሶላ አንጥፌ ጨርቁን ዘረጋሁት። እጅጌው ላይ ተቸግሬ ነበር፤ ልኬቷን ሳየው ክንዷ ያንቺ ነው። ያንቺን ክንድ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ስንት ጊዜ አርፎብኛል። ከዚያ በኋላ በቀላሉ ሄደልኝ። የታችኛውን ጠርዝ ዘምዘማ በእጄ ነው የሰፋሁት፤ ማሽን አላስነካሁትም። መጨረሻ ላይ መርፌው አውራ ጣቴን ጠቅ አደረገኝ እንጂ አንድ የደም ጠብታ ልብሱ ላይ አላረፈም።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ግንቦት ሃያ ላይ እደርሳለሁ። ለሙሽራዋ ከዘመድ ሁሉ ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ በያት፤ ልብሷ ውስጥ አይቻታለሁ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 12

ለወንድሜ፦

ልብሱ ደርሷል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ልጄ ስትለብሰው ዘወር ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ አውልቃ ሄደች፤ እኔ እንዲቀመጥ ላጥፈው አገላበጥኩት። በታችኛው ዘምዘማ ውስጥ፣ ማሽን ባላስነካኸው፣ በእጅህ በሰፋኸው ውስጥ፣ ከክሩ ጋር አብሮ የተሰፋ ፀጉር አገኘሁ። ቀይ፣ አጭር፣ ጠንካራ። አንድ ነው ብዬ መዘዝኩት፤ ሌላ ተከተለው። መስኮት ሥር ተቀምጬ ስለቅም ዋልኩ። ለልጄ አልነገርኳትም።

ትልቅ ዛፍ አላቸው አልከኝ። ልጆችም አሏቸው አልከኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ያንተ ውሸት ግን ከብዶ ድንበር ተሻግሮ ቤቴ ድረስ መጣ፣ ያውም በልጄ ቬሎ ተጠቅልሎ።

አንተ ሰባት ዓመትህ ሳለ የጎረቤት ዶሮ በድንጋይ ገድለህ፣ "ራሷ ወደቀች" ብለኸኛል። ያን ለት ደህና አድርጌ ገርፌህ፣ ሐሰተኛ ነህ ብዬም ትቼህ ቢሆን ኖሮ አሁን ሁለት ኩላሊት ይኖረኝ ነበር።

ወደ ሠርጉ አትምጣ። ውሻዋ ከዚያ ቤት እስክትወጣ ድረስ ፊትህን አላይም። ልጄን ባሌ ያስገባታል።

እህትህ


ግንቦት 30

ለማሙሽ፦

ሠርጉ አለፈ። አትምጣ ያልኩህ እንድትመጣ ነበር፤ ይህን የማታውቅ ከሆነ አላሳደግኩህም ማለት ነው። በሩን ሳይ አመሸሁ። ሰው ሁሉ "ልብሱን ማን ሠራው?" ይላል፤ "ወንድሜ" እላለሁ። "የታለ?" ይላል፤ "ሥራ በዝቶበት" እላለሁ። ባሌ ከማዶ ሆኖ ይሰማኛል።

ካኮረፍክ አኩርፍ፣ ግን በአንድ መስመር ጻፍልኝ። የሞተም ሰው እኮ ያስነግራል።

እህትህ


ሰኔ 20

ለውድ እህቴ፦

ደህና ነኝ። እጄን ትንሽ አሞኝ ስለነበረ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። ለሙሽሮቹ የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክቴን አድርሺልኝ። ሥራ በዝቶ ነው። በቅርቡ በሰፊው እጽፋለሁ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 8

የሰኔውን ደብዳቤ በወንድሜ ስም ለጻፍከው ለአንተ፦

አንተ ፀጉር አስተካካዩ ነህ። ሹራቡን ያመጣህ ለት ፖስታ ላይ አድራሻህን ስትጽፍ አይቼሃለሁ፤ "ለ"ህ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። የወንድሜ "ለ" ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር ይቆማል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

ወንድሜ የታለ? እጁ ምን ሆነ? በሕይወት ካለ አንድ ቃል በራሱ እጅ ይጻፍ። "እቴቴ" ይበል፤ ይበቃኛል። ከሌለም እንደ ወንድ አርዳኝ እንጂ በስሙ አትጫወትብኝ።

እህቱ


ነሐሴ 3

ለእህቴ ለእቴቴ፦

የሚጽፈው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ያን ለት መርፌው ሲወጋኝ ዳማ አጠገቤ ነበረች። አዎ፣ ለማንም አልሰጠኋትም። ጣቴ ሲደማ ስታይ መጥታ ላሰችው። እጄን ልሰበስብ እየቻልኩ አልሰበሰብኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልብሱ አልቋል። "አየሽው፣ አያምርም?" ብያት እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ልብሱን ልኬ በሁለተኛው ቀን አተኮሰኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ሥራ ሄድኩ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ መስመሩ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ከዚያ ወደቅኩ። ሆስፒታል ሲያደርሱኝ እግሬና እጄ ላይ እንደ በለዘ ቆዳ የጠቆረ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። የተቀበለችኝ ሐኪም ጆሮዬ ሥር ሆና፣ "ቤትህ እንስሳ አለ? ድመት፣ ውሻ፣ ወፍ?" ብላ ጠየቀችኝ። "የለም" አልኳት። መዝገቤም የለም ይላል፤ እኔው ነኝ ያሰረዝኩት። የምን ተውሳክ እንደሆነ ሳያውቁ ውለው አደሩ። ጓደኛዬ በማግሥቱ መጥቶ፣ "ውሻዋን ማን ያብላት?" ሲል ነው ሐኪሟ ዘወር ያለችው።

እቴቴ፣ ነጠብጣቡ ተያያዘ። ጣቶቼ ጠቆሩ፣ ከዚያ ደረቁ። ሳያቸው የተቃጠለ እንጨት ይመስሉ ነበር። የግራ እጄን ጣቶች በሙሉ ቆረጡ። የቀኜ አውራ ጣትና የትንሿ ጣት ግማሽ ቀርተዋል። ከእግሬም ወስደዋል፤ እሱን ተይው።

ያቺን ነገር ደግሞ እንዴት ልንገርሽ። እኔን ለማዳን ዘበኞቹ መንቃት ነበረባቸው፣ ስለዚህ መድኃኒቱን አቆሙት። ዘበኞቹ ሲነቁ ወደ ኩላሊትሽ ዞሩ። አበጠች፣ መሥራት አቆመች፤ አወጧት። አሁን ደሜን በማሽን እታጠባለሁ። ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ነኝ።

ሚያዝያ ላይ የጻፍሽውን፣ ስለ ፀጉሩ ያልሽውን፣ አልጋ ላይ ሆኜ ፀጉር አስተካካዩ ነው ያነበበልኝ። እጄ ተጠቅልሎ ስለነበር ጆሮዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሐኪሟን የዳማ ጥፋት ነው ወይ ብያት ነበር። "ተውሳኩ የአብዛኛው ውሻ አፍ ውስጥ አለ። ጥፋት የሚባል ነገር አታውቅም" አለችኝ። አሁን ዳማ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ናት።

ከዚህ በታች ያለውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

እቴቴ ይቅር በይኝ


መስከረም 5

ለማሙሽ፦

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የጻፍካትን መስመር አየኋት። "ለ"ው እንኳን የለባትም ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት፤ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የት ጣሏት? ሰው ሲቀበር መቃብሩ ይታወቃል። የእኔ ሥጋ በየትኛው ባልዲ፣ በየትኛው እሳት ሄደ? አልጠየቅክም። ስለ ውሻዋ ጥፋት ግን ጠይቀሃል፤ ፍርዷንም ይዘህ መጥተህ ንጹሕ ናት ብለህ ነገርከኝ።

በጣቶችህ አልስቅም። እነዚያን ጣቶች መርፌ ማስያዝ ያስተማርኩ እኔ ነኝ፤ ሐዘናቸው የእኔም ነው። ይቅርታው ግን እንዲሁ አይገኝም። ውሻዋን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጠህ ከእኔ ምሕረት አትለምን። አስገድላት። በሌላ ሰው እጅ ሳይሆን ራስህ ይዘሃት ሂድ። ከዚያ በኋላ ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 14

ለእህቴ ለእቴቴ፦

እንዳልሽው አደረግኩ። ይህንም ቀስ እያልኩ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ መረመረቻትና፣ "ጤነኛ ናት። ጤነኛ ውሻ አልገድልም። ላሳድጋት የሚል ሰው ልፈልግልህ" አለችኝ። ሰው ይገኝ ነበር፣ እቴቴ። ምናልባትም ግቢ ያለው። አንቺ ያልሽው ግን እሱን አልነበረም። ስለዚህ ከተማውን አቋርጬ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ማሰሪያዋን መያዝ ስለማልችል ክንዴ ላይ ጠምጥሜው ነበር። እንደ ድሮው እንዳትጎትተኝ ተጠንቅቃ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ እግሬንም እያየች።

ሁለተኛው ሐኪም "ለምን?" አለኝ። "ትናከሳለች" አልኩት። በሕይወቷ ማንንም ነክሳ አታውቅም። እጄን አየና ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ጠረጴዛው ላይ አወጣናት። ቀዝቃዛ ብረት ስለሆነ ተንቀጠቀጠች። "ያዛት" ሲለኝ በሁለት ክንዴ አቀፍኳት። መርፌው ሲገባ ዞር ብላ የእጄን ጉማጅ ላሰችው። በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ከበደችኝ።

ሐኪሙ፣ "አይዞህ፣ ከእንግዲህ ማንንም አትጎዳም" አለኝ።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ደብዳቤህ ደረሰኝ።

ሳይደርሰኝ በፊት የሆነውን ልንገርህ። የነሐሴውን ደብዳቤህን መሳቢያ ውስጥ ትቼው ነበርና ባሌ አነበበው። እራት አቅርቤለት ቀና ብሎ አየኝና፣ "ኩላሊትሽን ውሻ በላው" አለኝ። ከዚያ ሳቀ። ከስንት ዓመት በኋላ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። በማግሥቱ ለወንድሙ ነገረ፣ ወንድሙ ለሚስቱ። እሷ ስፌት ቤት መጥታ ልብስ እያስለካች፣ "ለመሆኑ ወንድምሽ እንዴት ነው?" ስትል ሳቋን ስታፍን አየኋት።

"ሞተ" አልኳት።

አፌ ነው ያወጣው። ካወጣው በኋላ ግን አልመለስኩትም። "ባሌ የሚያወራው ተረት ነው፤ ወንድሜን የገደለው መኪና ነው" አልኩ። ሳቃቸውን ዋጡት። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ያላለቀስኩ እንዳይመስልህ። ልጄ ቬሎዋን ታቅፋ ሦስት ቀን ምግብ አልበላችም። የምታውቀው እሷም ይህንኑ ነው። አርግዛለች፤ እውነቱን አልነግራትም።

ውሻዋን መግደልህ ጥሩ። ግን ዘገየህ። ሁልጊዜ ስትዘገይ ነው። ስጣት ስልህ ብትሰጣት ኖሮ አንተም ጣት፣ እሷም ነፍስ፣ እኔም ወንድም ይኖረን ነበር። ትናከሳለች ብለህ መዋሸትህ ግን አልገረመኝም።

ከእንግዲህ በስምህ አትጻፍልኝ። ልጄ እስክትወልድ እኔ ጋ ስለሆነች ፖስታውን እሷ ነች የምትቀበለው፤ የሞተ ሰው ደብዳቤ ልቀበል አልችልም። መጻፍ ካለብህ የወንድሜ ጓደኛ ሆነህ ጻፍ። እንደ ባዕድ፣ በአክብሮት። አነበዋለሁ።


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ እመቤት፦

በቅድሚያ የማያውቁኝ ሰው ስሆን በመድፈሬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። የሟች ወንድምዎ የሥራ ባልደረባ ነበርኩ። በእርስዎና በልጅዎ ላይ የደረሰው ሐዘን የእኔም ነው፤ መጽናናቱን ይስጥዎ። ጽሑፌ ስለማያምር ይታገሡኝ፤ እጄን አሞኛል።

ሟች ስለ እርስዎ ብዙ ያወራ ነበር። ክፉ ሲያወራ አልሰማሁም። ያደረጉለትን ነገር ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማወቁ ምንም አልረዳውም እንጂ።

እሱ በነበረበት ክፍል አሁን የምኖረው እኔ ነኝ። ፀጥ ያለ ነው። የቆራጭነቱን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ጎበዝ ሰው ነው፣ ሜትር ግን ይፈልጋል። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ለሕክምና እሄዳለሁ፣ ማሽን አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ። ነርሶቹ ቤተሰብ አለህ ወይ ይሉኛል። የለኝም እላለሁ፤ መዝገቡ ላይም እንደዚያው ተጽፏል።

አንድ ነገር እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። ሟች ልጅዎን በዚያ ልብስ ሳያያት ነው ያረፈው። ፎቶግራፍ ካለና መላኩ ካላስቸገረዎ፣ እሱን ባየው ደስ ይለኛል። ልጅ ስትወልድም ወንድ ይሁን ሴት በአንድ መስመር ቢያሳውቁኝ ይበቃኛል። ካልተመቸዎ አይጻፉ፤ አልቀየምም።

ስለ ወንድምዎ ሊጠይቁኝ የሚፈልጉት ካለ የማውቀውን እነግርዎታለሁ። ብዙ ግን አይጠብቁ። እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር።

አክባሪዎ